መስከረም ሁለቴ የሚጠባበት ትምህርት ቤት

በ2025 የአይሁድ አዲስ ዓመት፣ ሮሽ ሃሻና፣ የዋለው ማክሰኞ ሴፕቴምበር 23 ነው። ኒው ጀርሲ ውስጥ በአንድ የአይሁድ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል የምታስተምር ሴት ይህን ቀን ስታይ ወዲያው ጣቷን እያጠፈች መቁጠር ትጀምራለች። ሰኞ ዋዜማ፣ ማክሰኞና ረቡዕ በዓል። በሚቀጥለው ሳምንት ረቡዕ የዮም ኪፑር፣ የማስተስረያ ቀን፣ ዋዜማ፣ ሐሙስ ራሱ ዮም ኪፑር። ሰኞ ኦክቶበር 6 የሱኮት፣ የዳስ በዓል፣ ዋዜማ፤ ከዚያ እስከ ረቡዕ 15፣ እስከ ሲምሓት ቶራ፣ በሩ ዝግ ነው። ከሴፕቴምበር 22 እስከ ኦክቶበር 15 ከሰኞ እስከ ዓርብ ያሉት ቀናት 18 ናቸው፤ ዋዜማዎቹንም ጭምር ለሚዘጋ ትምህርት ቤት የሚተርፉት 5 ብቻ። ከ5ቱ አንዱ ደግሞ የጌዳልያ ጾም ነው፤ ልጆቹ ምሳቸውን ይበላሉ፣ መምህርቷ ጾሟን ቆማ ታስተምራለች።

ትምህርት የተከፈተው በወሩ መጀመሪያ ነው። ልጆቹ ቦርሳ የት እንደሚሰቀል፣ መጸዳጃ ቤት ለመሄድ እንዴት ፈቃድ እንደሚጠየቅ፣ ከጸሎት ወደ ንባብ ሲታለፍ የትኛው መጽሐፍ እንደሚወጣ ለምደው ሳያበቁ ይበተናሉ። ተመልሰው ሲመጡ ስለ መምህርታቸው የሚያስታውሱት ስሟንና የሚያስቆጣትን ነገር ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህራን በዚያው ሰሞን የመጀመሪያውን ምዕራፍ ፈተና አርመው ጨርሰዋል።

ስለ መምህራን የክረምት ዝግጅት የሚባለውና የሚጻፈው አብዛኛው ነገር ዓመቱ አንድ መነሻ ብቻ ያለው ያስመስለዋል። በአይሁድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መነሻው ሁለት ነው፤ አንዱ ከበዓላቱ በፊት፣ አንዱ ከበዓላቱ በኋላ። በኦገስት መጨረሻ የሚደረገው የዝግጅት ሳምንት ጥሩ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው፣ በእኔ ግምት፣ የሚታወቀው በሁለተኛው መነሻ ቀን ነው።

የበዓላቱ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ከዓመት ዓመት የሚዋልለው የአይሁድ ወር ጨረቃን ስለሚከተል ነው። ከፀሐይ ጋር እንዳይራራቅ በ19 ዓመት ውስጥ 7 ጊዜ 13ኛ ወር ይጨመርበታል። ባሕረ ሐሳብ ለቀመሰ አንባቢ ይህ እንግዳ ስሌት አይደለም፤ ንዑስ ቀመር የምንለውም የ19 ዓመት ዙር ነው። በዚህ ስሌት በአሁኑ ዘመን ሮሽ ሃሻና ከሴፕቴምበር 5 አይቀድምም፣ ከኦክቶበር 5 አይዘገይም። በ2013 በቀዳሚው ጫፍ፣ ሴፕቴምበር 5 ላይ ዋለ። የአሜሪካ የሠራተኞች ቀን በዚያ ዓመት ሴፕቴምበር 2 ስለነበር፣ እንደ ልማዱ ከዚያ ማግሥት የከፈተ ትምህርት ቤት በከፈተ በሁለተኛው ቀን ዋዜማ ላይ ደርሷል። በ2026 ደግሞ በዓላቱ ለመምህሩ ያደሉ ይመስላሉ። ሮሽ ሃሻና ቅዳሜና እሁድ፣ ሴፕቴምበር 12 እና 13 ላይ ያርፋል፤ የዋዜማው ዓርብ የእኛ የ2019 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ነው። የሱኮት መጀመሪያም መጨረሻም ቅዳሜና እሁድ ነው። ከዚያ ዓርብ እስከ በዓላቱ ማብቂያ ካሉት 16 የሥራ ቀናት 8ቱ ለትምህርት ይተርፋሉ።

5 ቀን እና 8 ቀን አንድ ዓይነት ዕቅድ አይሸከሙም። የአምናውን ዕቅድ ቀኑን ብቻ ቀይሮ መገልበጥ በሌላ ትምህርት ቤት ስንፍና ቢባል ነው፤ እዚህ ግን ጭራሽ አይሠራም። የኦሪት ንባቡ ራሱ በበዓላቱ ማብቂያ ያልቅና እንደገና ይጀመራል። በምኩራብ በየሳምንቱ የሚነበበው ክፍል ሴፕቴምበር ላይ በዘዳግም መጨረሻ ገጾች ይገኛል፤ በሲምሓት ቶራ ዘዳግም ይዘጋና ዘፍጥረት ይከፈታል። ሳምንታዊውን ክፍል የምታስተምር መምህርት ዓመቱን የምትጀምረው በሙሴ ስንብት ነው፤ ‹‹በመጀመሪያ›› ወደሚለው የምትደርሰው ልጆቹ ከበዓል ሲመለሱ ነው።

እነዚህ ትምህርት ቤቶች በአንድ ቃል ይጠሩ እንጂ አንድ ዓይነት አይደሉም። አቪ ካይ የተባለው ፋውንዴሽን በ2013–14 የትምህርት ዘመን ያስደረገው ቆጠራ አሜሪካ ውስጥ 861 ትምህርት ቤቶችና 255,000 ያህል ተማሪዎች አግኝቷል፤ ከተማሪዎቹ ከግማሽ የሚበልጡት ኒው ዮርክ ውስጥ ናቸው። ብሩክሊን ውስጥ ወንዶች ብቻ የሚማሩበት፣ በዪዲሽ የሚያስተምር የሐሲዲም ዬሺቫ አለ። ሌላ ከተማ ውስጥ ደግሞ ወንድና ሴት አብረው የሚቀመጡበት፣ ወላጆቹ ሰንበት የሚያከብሩም የማያከብሩም የሆኑበት የማኅበረሰብ ትምህርት ቤት አለ። የሚያመሳስላቸው የቀኑ አከፋፈል ነው፤ በአንድ ወገን ሊሙዴይ ኮዴሽ የሚባለው የጸሎት፣ የኦሪትና የዕብራይስጥ ትምህርት፣ በሌላ ወገን ሒሳብ፣ እንግሊዝኛና ሳይንስ። አብዛኛውን ጊዜ የፊተኛው ሬቢ የሚባል መምህር ወይም ሞራ የምትባል መምህርት አለው፤ የኋለኛው ሌላ ሰው አለው። ልጁ ያው ልጅ ነው፤ ምሳ ላይ አለቃው ይለወጣል።

የመምህር ጉዳይ በአይሁድ ዘንድ የቆየ ጉዳይ ነው። ታልሙድ በባቫ ባትራ ክፍሉ እንደሚተርከው ጥንት ልጅን የሚያስተምረው አባቱ ነበር፤ አባት የሌለው ሳይማር ይቀራል። በኋላ ኢየሩሳሌም ላይ መምህራን ተሾሙ፣ ቀጥሎ በየአውራጃው፤ ግን ልጆቹ የሚገቡት በ16 እና በ17 ዓመታቸው ነበርና መምህሩ ሲቆጣቸው ጥለውት ይሄዱ ነበር። ኢያሱ ቤን ጋምላ የሚባል ሊቀ ካህናት በየከተማው መምህር ተሹሞ ልጆች በ6 ወይም በ7 ዓመታቸው እንዲገቡ ሥርዓት አበጀ። እዚያው ላይ የክፍል ልክም ተነግሯል፦ ለ25 ልጅ አንድ መምህር፣ 40 ሲሆኑ ረዳት ይጨመርለታል፣ 50 ሲሞሉ ሁለት መምህር። የረዳቱን ደሞዝ የሚከፍለው ከተማው ነው። ዛሬም የክፍል ዝርዝር ሲወጣና 27 ስም ሲነበብ ይህን ልክ የሚጠቅስ መምህር አይጠፋም።

እንግዲህ ወደ ኦገስት መጨረሻ እንምጣ። በዕብራውያን አቆጣጠር ወሩ አብዛኛውን ጊዜ ኤሉል ነው፤ ከሰንበት በስተቀር በየማለዳው በምኩራብ ሾፋር፣ የበግ ቀንድ መለከት፣ ይነፋል። በትምህርት ቤቱ አዳራሽ መምህራን ተሰብስበዋል። ርእሰ መምህሩ ይናገራል፣ ከውጭ የተጋበዘ ተናጋሪ ስለ ልጅ ነፍስና ስለ መምህር ጥሪ ያወራል፣ የመጀመሪያ እርዳታ ሥልጠና አለ፣ የኦቾሎኒ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ዝርዝር ይታደላል። ቀሪው ጊዜ በግድግዳ ላይ ያልቃል፤ የሮማን ፍሬ፣ ፖምና የማር ማሰሮ በባለቀለም ወረቀት እየተቆረጠ ይለጠፋል። ግድግዳው ያምራል፣ አልክድም። በሦስተኛው ሳምንት ግን ፖምና ማሩ ተነሥቶ የዳስ ሥዕል ይሰቀላል፣ እሱም በኦክቶበር አጋማሽ ይነሣል።

በዚያ ሳምንት ከሁሉ የሚያንሰው የጠዋቱና የከሰዓቱ መምህር አብረው የሚቀመጡበት ሰዓት ነው። ብዙ ቦታ ጭራሽ የለም። ሁለቱ በየራሳቸው ክፍል ኃላፊ ሥር ይሰበሰባሉ፣ በየራሳቸው ቋንቋ ያወራሉ፣ ኮሪደር ላይ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። ለማሳበቢያ የሚሆን ምክንያት አይጠፋም። የከሰዓቷ መምህርት ጠዋት ሌላ ቦታ ትሠራ ይሆናል፤ ሬቢው ከሰዓት በኋላ ኮሌል፣ የጎልማሶች የታልሙድ ጥናት ቤት፣ ገብቶ ራሱ ይማራል፤ ሁለቱን አንድ ላይ ለማምጣት ደግሞ ለአንዱ ተጨማሪ ክፍያ ያስፈልጋል። ሆኖም ለእንግዳ ተናጋሪ የሚከፈለው ገንዘብ ለዚህ ቢውል ኖሮ የሚል ሐሳብ በየዓመቱ ይመጣብኛል።

ሁለቱ ወገኖች የሚያስፈልጋቸው ዝግጅት ተቃራኒ ስለሆነ ነው ይህን የምለው። በተለይ በኦርቶዶክስ አይሁድ ዘንድ የኮዴሽ መምህር ጽሑፉን ጠንቅቆ ያውቃል፤ ሑማሽና ራሺ፣ ማለትም ኦሪትና ታላቁ አንድምታው፣ በእጁ ነው። የ6 ዓመት ልጅ ፊደልን ከድምፅ ጋር እንዴት እንደሚያጋጥም፣ ለምን አንዱ እንደሚቸገር የተማረበት ጊዜ ግን ላይኖር ይችላል። የእንግሊዝኛዋ መምህርት በበኩሏ ስለ ንባብ አስተማሪነት ሰልጥና ፈቃድ አውጥታ ይሆናል፤ ልጁ ጠዋት ምን ሲያነብ እንደዋለ ግን አታውቅም። አንዱ ያለው ሌላው የጎደለው ነው።

ይህ በተግባር የሚታየው አንደኛ ክፍል ላይ ነው። በመዝሙረ ዳዊት 118 አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል፣ ዳሌጥ እያለ የሚወርደውን የሚያውቅ አንባቢ የ22ቱን ፊደላት ስም ሰምቷል። ልጁ ግን ስማቸውን ብቻ ሳይሆን መልካቸውን መለየት አለበት። ዳሌትና ሬሽ የሚለያዩት በአንድ ማዕዘን ነው፤ ቤትና ካፍም እንዲሁ። አናባቢው እንደኛ ፊደል ከፊደሉ አካል ጋር አልተዋሐደም፤ ከሥር፣ ከላይ ወይም ከጎን የሚቀመጥ ነጥብና ሰረዝ ነው። ንባቡ ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ያው ልጅ ከምሳ በኋላ እንግሊዝኛውን ከግራ ወደ ቀኝ ያነባል። የዕብራይስጥ ደብተሩ በቀኝ በኩል ይከፈታል፣ የሒሳብ ደብተሩ በግራ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከኋላው ገጽ የጀመረ፣ ሁለት ትምህርት መሃል ላይ ያጋጨ ደብተር በየክፍሉ ይገኛል። ሁለቱ መምህራን በኦገስት ተገናኝተው የአንዱ ደብተር ልባስ ሰማያዊ የሌላው ቀይ ይሁን ብለው ቢስማሙ፣ ከሰሌዳው በላይ በአንድ በኩል የአሌፍ ቤት ሰንጠረዥ በሌላው የቁጥር መስመር ቀስቱን አቅጣጫ እያሳየ ቢሰቀል፣ ልጁ የትኛው ሰዓት ላይ እንዳለ በዓይኑ ያውቃል። ወጪው የልባስ ወረቀት ነው።

ስለ ጥራትና ፍጥነት ታልሙድ ላይ አንድ ክርክር አለ። ሁለት መምህራን ቢገኙ፣ አንዱ ብዙ የሚያስነብብ ግን ስሕተት የማያርም፣ ሌላው ዘገምተኛ ግን ጠንቃቃ፣ የትኛው ይሾም? ራባ የፊተኛውን መረጠ፤ ስሕተት በኋላ በራሱ ይጠራል ብሎ። የነሐርደዓው ራቭ ዲሚ ጠንቃቃውን መረጠ፤ ስሕተት አንዴ ከገባ አይወጣም ብሎ። ምስክሩም የንጉሥ ዳዊት የጦር አለቃ ኢዮአብ ነው። ኢዮአብ የኤዶምን ወንዶች ብቻ ፈጅቶ ሲመለስ ሴቶቹን ለምን እንደተወ ተጠየቀ፤ ሕፃን ሳለ መምህሩ በኦሪቱ ‹‹መታሰቢያውን ደምስስ›› ትእዛዝ ‹‹መታሰቢያ›› የሚለውን ቃል በሌላ አናባቢ ‹‹ወንድ›› ብሎ አስነብቦት ኖሮ ነው። የኔታ ፊት ‹‹ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ›› ያለ ሰው ከራቭ ዲሚ ጋር መቆሙ አይቀርም። ለአንደኛና ሁለተኛ ክፍል እኔም ከእሱ ጋር ነኝ። ከፍ ሲሉ የራባም ነገር እውነትነት አለው።

ከዚህ አንድ የዝግጅት ሥራ ይከተላል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት እያንዳንዱ ልጅ ለብቻው፣ ለአንድ ደቂቃ፣ ዕብራይስጥ ጮክ ብሎ ያንብብ፤ መምህርቷ የሳተውን ፊደል ትመዝግብ። ለዕብራይስጥ የክረምቱ መርሳት ከእንግሊዝኛም ይብሳል፤ እንግሊዝኛ በክረምቱ በየመንገዱና በየእህል ካርቶኑ ላይ ይነበባል፣ ዕብራይስጥ ግን ከሲዱር፣ ከጸሎት መጽሐፉ፣ ውጭ ብዙም አይገኝም። ቤተሰቡ የማይጸልይ ልጅ ከጁን እስከ ሴፕቴምበር አንድ አሌፍ ሳያይ ሊመጣ ይችላል። መዝገቡ ከበዓላቱ በፊት ካልተሠራ ከበዓላቱ በኋላ የተገኘው ድክመት የክረምቱ ይሁን የበዓላቱ አይለይም። መዝገቡን ለከሰዓቷ መምህርት ማሳየትም ያስፈልጋል፤ በሁለቱም ቋንቋ የሚቸገረውና በአንዱ ብቻ የሚቸገረው ልጅ የሚፈልጉት እርዳታ የተለያየ ነው።

በብዙ ትምህርት ቤቶች የከሰዓቱ መምህራን ከፊሎቹ አይሁድ አይደሉም። ለእነሱ የሚደረገው ገለጻ ብዙ ጊዜ በኮሸር፣ በአይሁድ ሕግ በተፈቀደ፣ ምግብ ይጀምርና በኮሸር ምግብ ያልቃል፦ ልደት ሲከበር ቤት የተጋገረ ኬክ አይገባም፣ የታሸገው ላይ ምልክቱ ይታይ። ይህ ቀላሉ ነው። ዓርብ ላይ የቤት ሥራ ሲሰጥ ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ቅዳሜ ማታ ልጁ እርሳስ እንደማይነካ መቆጠር አለበት፤ በዲሴምበር ኒው ዮርክ ላይ ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለምትጠልቅ የዓርብ ትምህርት ራሱ አጭር ነው። ከዚያ ደግሞ በክፍሉ ጥግ ያለችው ካርቶን አለች። የእግዚአብሔር ስም በዕብራይስጥ የተጻፈበት ወረቀት ቅርጫት ውስጥ አይጣልም፤ ‹ሼሞት› ተብላ በምትጠራው ካርቶን ተጠራቅሞ በኋላ ይቀበራል። ከሰዓት የገባች አዲስ መምህርት ጠረጴዛ ላይ የተረፈውን የጠዋት ወረቀት ሰብስባ ቆሻሻ ውስጥ ስትጨምር የ7 ዓመት ልጆች አፋቸውን ይዘው ያዩአታል። ማንም ስላልነገራት ነው፤ ለመንገር የሚበቃው አንድ ደቂቃ ነበር።

በእስራኤል ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በሴፕቴምበር 1 ይከፈታል፤ በዓላቱ ሲመጡ ግን አገሩ ሁሉ አብሮ ይቆማል። በነሐሴ መጨረሻ ጉዳይ ያለው ሰው ‹‹ከበዓላቱ በኋላ›› ተብሎ እንደሚሸኝ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን በደንብ ያውቁታል። አሜሪካ ውስጥ በበዓላቱ ሁሉ የሚቆመው የአይሁድ ትምህርት ቤት ብቻ ነው። የኒው ዮርክ ከተማ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሮሽ ሃሻናና ለዮም ኪፑር ይዘጋሉ፣ ለሱኮት ግን አይዘጉም። ከእስራኤል ለሁለት ለሦስት ዓመት የሚመጡ የዕብራይስጥ መምህራን ይህ ልዩነት ያደናግራቸዋል፤ እነሱ የለመዱት የበዓል መንፈስ ከመንገድ ይገባል፣ እዚህ ግን ክፍሉ ውስጥ መፈጠር አለበት።

ከበዓላቱ በኋላ የሚመጣው ወር ሔሽቫን ነው፤ በቀድሞው አቆጣጠር አንድም በዓል የለበትም። ለመምህር ከዓመቱ ሁሉ የተሻለው የሥራ ጊዜ ይኸው ነው። በመጨረሻው ላይ፣ በ29ኛው ቀን፣ የቤተ እስራኤል ሲግድ አለ። የእስራኤል ፓርላማ በ2008 በሕግ የአገር በዓል አድርጎታል፤ በ2026 ኖቬምበር 9 ላይ ይውላል። ሲግድን ማስተማር የሚፈልግ የአሜሪካ ትምህርት ቤት ጥሩ ቦታ አለው፤ ያልተቆራረጠ አንድ ወር ሙሉ ስለ ኢትዮጵያ አይሁድ፣ ስለ ቄሶቹ፣ ስለ ኦሪቱና ስለ ተራራው ጸሎት ሊዘጋጅ ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚሆነው ግን የአንድ ቀን ዳቦና ጃንጥላ ነው።

ለአዲስ መምህር የሚደረገው ድጋፍ ከቀድሞ ተሻሽሏል። ቶራ ኡሜሶራ ከ1944 ጀምሮ ለኦርቶዶክሳውያኑ፣ በ2016 አምስት ድርጅቶች ተዋሕደው የፈጠሩት ፕሪዝማ ደግሞ ለሰፊው ትምህርት ቤቶቹን ያገናኛሉ። ጁዊሽ ኒው ቲቸር ፕሮጀክት የተባለው ለጀማሪዎች የሠለጠነ አንጋፋ መምህር መድቦ ሁለት ዓመት ያስከትላቸዋል። ይህ የመጨረሻው ከኦገስት ንግግር ሁሉ ይበልጣል፤ ጀማሪዋ የምትሰበረው በኖቬምበር ነውና በኖቬምበር አጠገቧ ሰው አለ።

ስለ ጥበቃም ዝም ማለት አይቻልም። ኦክቶበር 27 ቀን 2018 ፒትስበርግ ላይ በምኩራብ ውስጥ 11 ሰዎች ከተገደሉ ወዲህ የበር መቆለፍና የመሸሸጊያ ልምምድ የዝግጅት ሳምንቱ ቋሚ ክፍል ሆኗል። በ2023 ደግሞ እስራኤል ላይ ጥቃት የተፈጸመበት ኦክቶበር 7 የዋለው እዚያ የበዓላቱ መዝጊያ በሆነው ቀን ነው። ስለዚህ ሲምሓት ቶራ ከዘፈኑና ከጭፈራው ጋር ሐዘን ይዞ ይመጣል። የ7 ዓመት ልጅ ሲጠይቅ ጠዋት ሬቢው አንድ ነገር፣ ከሰዓት መምህርቷ ሌላ ነገር እንዳይመልሱ፣ ምን ያህል እንደሚባልና ምን ለወላጅ እንደሚተው አስቀድሞ መስማማት ይገባል። ይህም ያው ሁለቱ አብረው የሚቀመጡበት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው መነሻ ለምን በኦገስት መዘጋጀት እንዳለበት 2026ን አይቶ መናገር ቀላል ነው። ሲምሓት ቶራ እሁድ ኦክቶበር 4 ነው። በበዓሉ ቀን ሰንበት አክባሪ መምህር አይጽፍም፣ ኮምፒዩተር አይከፍትም። ማታ ሲመሽ የበዓሉን ዕቃ ያነሣል፣ ልጆቹን ያስተኛል፤ ሰኞ ጠዋት 25 ልጆች በር ላይ ናቸው። በመካከል የዝግጅት ቀን የለም፣ ስብሰባም አይጠራም። በ2025ም ቢሆን በዓሉ ረቡዕ ማታ አልቆ ሐሙስ ትምህርት ነበር። እንግዲያው የዚያን ሰኞ ዕቅድ የያዘው አቃፊ በኦገስት መጨረሻ በመሳቢያው ውስጥ መቀመጥ አለበት። ውስጡ ብዙ ነገር አያስፈልገውም፦ የክፍሉ ሥርዓት እንደ መጀመሪያው ቀን እንደገና የሚታይበት የሁለት ቀን ፕሮግራም፤ የሴፕቴምበሩ የንባብ መዝገብ፣ ለማወዳደሪያ ከአንድ ባዶ ቅጂ ጋር፤ የዘፍጥረት የመጀመሪያው ሳምንት ወረቀት፤ የከሰዓቷ መምህርት ሒሳቡን ከየት እንደምትቀጥል የጻፈችበት ግማሽ ገጽ፤ ለወላጆች የሚሄድ፣ ልጁ ማታ በጊዜ እንዲተኛ የሚያሳስብ አጭር ደብዳቤ። ደብዳቤው ከበዓሉ ዋዜማ በፊት ቢላክ ይሻላል፤ እሁድ ማታ የሚያነበው የለም።